ልጁ የወደቀው በባዮሎጂ ነው ወይስ በወረቀቱ?

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ስለ ፈተና ነው የምናወራው። ቆይ፣ አትውጡ! ዛሬ የሚፈተነው ፈተናው ራሱ ነው።

አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አስቡልኝ። ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ያውቃል። በአማርኛ ጠይቁት፤ ብርሃኑን፣ ውሃውን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አንድ በአንድ ያወርድላችኋል። ወረቀቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ብሎ ደልድሏላ። ልጁ «ኤክስፕሌይን» የምትለዋ ላይ ተደናቅፎ ባዶ ወረቀት ይመልሳል። ዜሮ! እና ዜሮ ያገኘው በባዮሎጂ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ? ወረቀቱ አይነግራችሁም። መምህሩም አያውቅም። ልጁ ራሱ አያውቅም!

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ካስት የሚባል ድርጅት አለ፤ በ1984 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመ። መጀመሪያ ኮምፒውተር አካል ጉዳተኛ ልጆችን እንዴት ይርዳ ብለው ነው የተነሱት። ቆይተው ግን ጥያቄውን ገለበጡት፤ ልጁን ከምንጠግን ትምህርቱን ብንጠግነውስ? ከዚያ «ዩኒቨርሳል ዲዛይን ፎር ለርኒንግ»፣ ትምህርቱን ከመነሻው ለሁሉም እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት፣ የሚባለው አሠራር መጣ። ሦስት ምሰሶ አለው፤ ልጁን የምታነሳሱበት፣ ትምህርቱን የምታቀርቡበት፣ ልጁ ያወቀውን የሚያሳይበት መንገድ አንድ ብቻ አይሁን ይላል። የእኛ የዛሬ ጉዳይ ሦስተኛው ነው።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ፤ ቡና ያላችሁ ያዙ።

የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያወቀውን እንዴት እንደሚፈትን እንይ፤ ቅኔ ቤት እንግባ። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይይዛል፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ያላት ትንሿ ቅኔ። የኔታ «የጉባኤ ቃናን ሕግ በአምስት ነጥብ ዘርዝር» ብለው ወረቀት ያድላሉ? የለም። ተማሪው ወጣ ብሎ፣ ዛፍ ሥር፣ ብቻውን ይቆጥራል፤ ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። አዲስ ቅኔ ይዞ ይመለሳል። ለአስነጋሪው (ጀማሪዎቹን ለሚያርመው የበሰለ ተማሪ) ወይም ለየኔታ ይነግራል፤ እዚያው ይታረማል። የትናንቱን ዛሬ መድገም የለም። የጓደኛን ማምጣትም የለም። እስቲ ኩረጃ በየት በኩል ይገባል? እያደገ ሲሄድ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይሞላል። ወረቀት ስለማይጠየቅም ዓይነ ስውሩ ከዓይናማው እኩል ይቆጥራል፣ እኩል ይዘርፋል። ዓይነ ስውር ሆነው ወንበር የዘረጉ የቅኔ መምህራን ነበሩን እኮ!

ከዚያ ዜማ ቤት ግቡ፤ ዕውቀቱ የሚታየው በጉሮሮ ነው። አቋቋም ቤት ደግሞ መቋሚያውና ጸናጽሉ ይመሰክራሉ፤ እግሩ ከዜማው ከቀደመ ሁሉም ያየዋል። መጻሕፍት ቤት ተማሪው ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን ያወርዳል። ድጓውን፣ ዋናውን የዜማ መጽሐፍ፣ የጨረሰ ደግሞ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፣ ማወቁን ያስረጋግጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው የዜማ ትምህርት ከሆነ ዙር አባ። ይሄን ሁሉ በአንድ ዓይነት ወረቀት ልፈትን የሚል ሰው ቢነሳ ደብተራው ሁሉ ይስቅበታል።

አሁን አንዱ «ታዲያ የቅኔ ተማሪ ቅኔዬን በሥዕል ላሳይ አይልም!» ሊለኝ ነው። ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነው። ቅኔ ቤት የሚፈለገው ቅኔ መዝረፍ ነው፤ ሌላ አማራጭ የለውም። ባዮሎጂ ላይ ግን የሚፈለገው ዕፅዋቱን ማወቅ ነው፤ ጽሑፉ መንገድ ብቻ ነው፤ መንገድ ደግሞ ይቀየራል። የአማርኛ ድርሰት ከሆነ? ያኔ ጽሑፉ ራሱ ነው የሚለካው፤ ስለዚህ በድምፅ ቀድቼ ላምጣ አይሠራም። መጀመሪያ የምትለኩትን እወቁ፣ ከዚያ አማራጭ ስጡ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው ነገሩ ጨዋታ የሚሆነው።

የባዮሎጂውን አሠራር በፍጥነት ልበለው። ሦስት አማራጭ፤ አንድ አንቀጽ መጻፍ፣ ስም የተጻፈበት ሥዕል፣ ወይም በቃል ማስረዳት። ለሦስቱም ሩብሪኩ፣ ነጥብ የሚሰጥበት መስፈርት፣ አንድ ነው፤ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል፣ የብርሃንና የክሎሮፊል ድርሻ ምንድን ነው። ለእጅ ጽሑፍ ውበት ነጥብ የለም። ለሥዕሉ ቀለምም የለም። ሩብሪክ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ፤ የማታውቁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ይመጣል።

ኮሜንት ላይ ግን አንድ ነገር አላስቀመጠኝም። «የእኔ ልጅ የሚማረው በዓይኑ ነው»፣ «የእኔዋ በጆሮዋ ነው»፣ «እኔ ካልነካሁት አይገባኝም»። ጎበዝ፣ ተረጋጉ! ይሄ «የመማር ስልት» የሚባለው ነገር ነው፤ ከዛሬው ጉዳያችን ጋር አንድ አይደለም። በ2008 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ገመገሙ። ልጁን በ«ስልቱ» ብናስተምረው የተሻለ ይማራል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አጡ። «ጋርድነርስ?» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሃዋርድ ጋርድነር በ1983፣ ይሄም በአውሮፓውያን ነው፣ ብዙ ዓይነት የማሰብ ችሎታ አለ አለ እንጂ ልጆችን በዓይንና በጆሮ ከፋፍሉ አላለም፤ ሁለቱ አይምታቱ ብሎ ራሱ ተናግሯል። አደጋው ምን መሰላችሁ? ልጁን «አንተ የሥዕል ልጅ ነህ» ስትሉት ዓመቱን ሙሉ ብዕር ሳይነካ ያልፋል። ምርጫ ስጡት፤ ስም አታውጡለት። በዚህ ወር የሳለ በሚቀጥለው ይጻፍ። እኔ እንደውም ተርሙ ውስጥ ቢያንስ አንዴ ሁሉም እንዲጽፍ አስገድዳለሁ።

«12ኛ ክፍል ላይ የሚመጣው የሀ-ለ-ሐ-መ ምርጫ ጥያቄ ነው፤ ልጁን ታቀብጠዋለህ» ያላችሁም አላችሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። ያ ቁጥር ብዙው ልጅ እንደወደቀ ይናገራል፤ ማን ምን እንዳልገባው ግን አይናገርም። ያን የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ ያውም ልጁ ገና 9ኛ ክፍል ሳለ ካዳመጠው። የምርጫ ጥያቄ መሥራቱን ይለማመድ፣ ማን ከለከለው?

መምህራን፣ «60 ልጅ ይዤ ይሄን ሁሉ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። 60 ልጅ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢናገር 180 ደቂቃ ነው፤ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሆነ አራቱ አልቆ አምስተኛው ተጋመሰ። ስለዚህ በሁለት አማራጭ ጀምሩ፤ ጽሑፍና ሥዕል፣ በእርሳስና በአንድ ገጽ። በቃል የሚያስረዱት በቡድን ይሁኑ፣ ግን ማን እንደሚናገር እዚያው እናንተ ጥሩ፤ አለዚያ ሁልጊዜ ያቺው አንዷ ጎበዝ ናት የምትናገረው። በስልክ ቀድታችሁ አምጡ ማለት ደግሞ ስልክ የሌለውን ልጅ ማስቀረት ነው፤ እሱን ተዉት።

በሚቀጥለው ቪዲዮ አንድ ሩብሪክ ከባዶ እንሠራለን። የየትኛው ትምህርት እንደሚሆን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሒሳብ የሚለው ከበዛ ሒሳብ ይሆናል፤ ስድቡን እኔው እችለዋለሁ።