ስለ እኛ ሲከራከሩ እኛ የት ነበርን?

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ወንበር አለ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ በዚህ ብርድ፣ ያውም ቅዳሜ ቀን ፈረቃችሁን ከሰው ጋር ተቀያይራችሁ ስለመጣችሁ በለንደኑ የአበሻ ማኅበራችን ቦርድ ስም አመሰግናለሁ። የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ታቀርባለች፣ ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን። እኔ የመክፈቻዋን ሰዓት ለሌላ ጉዳይ ልጠቀምባት ነው። ፖለቲካ አይወራም የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፣ ኪሳችሁን የሚነካ ፖለቲካ ነው።

በጁን 2026 ብሬግዚት፣ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ የተባለበት ድምፅ፣ አሥር ዓመት ይሞላዋል። ጁን 23 ቀን 2016 ነበር። 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ፣ 48.1 በመቶው «እንቆይ»። እንግሊዝ በ1973 ከገባችበት ኅብረት እንዲህ በጠባብ ልዩነት ወጣች። ክርክሩ ስለ ንግድ ነው፣ ስለ ሉዓላዊነት ነው ይባል ነበር፣ ነውም። ግን በየመንደሩ፣ በየፐቡ፣ በየባሱ ፌርማታ የሚወራው ስለ መጤ ነበር። ስለ እኛ።

ድምፅ መስጠት የተፈቀደለት ማን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? የብሪታንያ ዜጋ፣ አይሪሽ፣ እና እዚህ የሚኖር የኮመንዌልዝ ዜጋ፣ በብዛት እንግሊዝ ገዝታቸው የነበሩ አገሮች ማኅበር ማለት ነው። ስለዚህ ለትምህርት ከናይጄሪያ ወይም ከኬንያ የመጣ ተማሪ ተመዝግቦ ድምፁን ሰጠ። እዚህ 15 ዓመት ግብር ሲከፍል የኖረ፣ ወረቀት ያለው ግን ፓስፖርት ያላወጣ አበሻ አልቻለም። እንግሊዝ አልገዛንማ! የምንኮራበት ታሪክ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ሲደርስ ምንም አልፈየደንም። (ጋሼ፣ ይስቁ እንጂ፣ ያስቃል።)

ደግሞ ድምፅ መስጠት ከምንችለው መካከል «እንውጣ» ያለ አለ። አውቃለሁ፣ ቡና ላይ ሰምቻለሁ፣ ዛሬ ስም አልጠራም። ምክንያታቸው እንዲህ ነበር፦ ፖላንዱ መታወቂያውን ብቻ አሳይቶ ሲገባ የእኔ እናት ለልጄ ክርስትና ልምጣ ብትል ቪዛ ትከለከላለች፣ ይሄ በየትኛው ፍርድ ነው? እውነት ለመናገር ጥያቄው ትክክል ነበር። በ2004 ስምንት የመካከለኛና የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ፣ ከነባሮቹ አገሮች ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ለሠራተኞቻቸው በሩን የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ። ለመንግሥት የቀረበው ግምት በዓመት ቢበዛ 13 ሺህ ሰው ይመጣል የሚል ነበር። የመጣው በመቶ ሺዎች ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ካሜሮን በ2010 በዓመት ከወጣው በላይ የሚገባውን ሰው ቁጥር ከ100 ሺህ በታች አወርዳለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ አላወረደም። ሊንከንሻየር ውስጥ ቦስተን የምትባል ከተማ አለች፣ በአጭር ጊዜ ብዙ የእርሻ ሠራተኛ ከምሥራቅ አውሮፓ የገባባት። ከመቶው ከ75 በላይ «እንውጣ» አለ። እዚህ ለንደን፣ ላምቤዝ ደግሞ ከመቶው ከ78 በላይ «እንቆይ» አለ። ቦስተን ያሉትን ሁሉ ዘረኛ ናቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል፣ እኔ ግን አልልም። የሐኪም ወረፋው ሲረዝም፣ የቤት ኪራዩ ሲንር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ፖስተሩን ግን አልረሳም። «እንውጣ» ባዩ ፖለቲከኛ ናይጀል ፋራዥ ከምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ከፊቱ ቆሞ ፎቶ የተነሣበትን። ድምፅ የሚሰጠው ከአውሮፓ በነፃ ስለሚገባው ሠራተኛ ነበር፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ግን በ2015 በስሎቬኒያ ድንበር በኩል በሰልፍ የሚጓዝ ስደተኛ ነው። ከጦርነት የሸሸ ሰው። ቧንቧ ሠሪው ፖላንዳዊ የት ሄደ? ያን ዕለት ጆ ኮክስ የምትባል የፓርላማ አባል በመራጮቿ ከተማ ተገደለች። ያኔ ነው ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኛ ላይ እንደሆነ የገባኝ።

የሆነውንም አየነው። መጀመሪያ የተነካው ከመካከላችን የጣሊያን፣ የስዊድን፣ የሆላንድ ፓስፖርት ይዞ የመጣው ነው። እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ሴትልድ ስታተስ፣ የአውሮፓ ዜጎች እዚህ የመቆያ ፈቃድ፣ አመልክቱ ተባለ፣ ያውም በስልክ። እናቶች ፓስፖርታቸውን ስልኩ ጀርባ ላይ ደግፈው ይዘው «አነበበ? አላነበበም?» እያሉ፣ ትንሽ ሲነቃነቅ እንደገና ከሀ ሲጀምር፣ ወጣቶቻችን በዚሁ አዳራሽ ስንት ቅዳሜ አመሹ። እግዜር ይስጣቸው።

«ፖላንዱ ሲወጣ ለእኛ ይከፈታል» ያለው ወገን ደግሞ ግማሽ መንገድ ድረስ እውነቱን ነበር። የያኔዋ ሚኒስትር ፕሪቲ ፓቴልም ለካሪ ቤቶች፣ ለሕንድና ለባንግላዴሽ ምግብ ቤቶች፣ ይሄንኑ ተስፋ ሰጥታ ነበር፣ ከወጣን ምግብ አብሳይ ከእስያ ማምጣት ይቀላችኋል ብላ። ከ2021 ጀምሮ ነጥብ የሚቆጥር የቪዛ ሥርዓት መጣ፣ በ2022 የኬር፣ አረጋውያንና ሕሙማንን የመንከባከብ፣ ሥራ ቪዛ ተፈቀደ፣ ከገባው የወጣው ተቀንሶ የሚቀረው ሰው በዓመት ከ900 ሺህ አለፈ። «ቁጥጥሩን እንመልስ» ተብሎ የተወጣበት አገር በታሪኩ አይቶት የማያውቀው ቁጥር ነው። ከዚያ ደነገጡ። ማርች 2024 ላይ ኬረሮች ቤተሰብ እንዳያመጡ ተከለከሉ፣ ጁላይ 2025 ላይ ኬረርን ከውጭ መቅጠር ራሱ ቆመ።

የትዳር ቪዛውን ደግሞ አብረን እናስላው። ኤፕሪል 2024 ላይ ባል ወይም ሚስት ለማምጣት የሚጠየቀው የዓመት ገቢ ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ወጣ። በዚያው ወር ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 11.44 ነበር። በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀር የሠራ ሰው የሚያገኘው ወደ 22,300 ነው። ስለዚህ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳው ወንድማችን ሙሉ ሰዓት ሠርቶም አዲስ አበባ ያገባትን ሚስቱን ማምጣት አይችልም። ሁለተኛ ሥራ ይይዛል፣ ሚስቱ በቪዲዮ ታወራዋለች፣ እሱ ወሬው መሃል እንቅልፍ ይጥለዋል። ይሄን የወሰነው ብራስልስ ያለው የአውሮፓ ኅብረት አይደለም። እዚሁ ዌስትሚኒስተር ያለው መንግሥት ነው፣ ከዚህ በባስ የሚደረስበት።

የጣት አሻራም አለ። ድሮ «የጣሊያን አሻራ አለበት»፣ መጀመሪያ ጣሊያን ገብቶ አሻራ ሰጥቷል፣ ከተባለ ሰውዬው ወደ ጣሊያን ሊመለስ ይችል ነበር፣ የደብሊን ስምምነት ይባላል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ከዚያም ወጣች። በ2018 ከፈረንሳይ በትንሽ ጀልባ የተሻገረው 299 ሰው ነበር፣ በ2022 ከ45 ሺህ በላይ። ሰበቡ ይሄ ብቻ ነው አልልም። መመለሻውን ግን ጥለው ወጡ።

ለንደን አጠገብ ስላለችው ከተማ፣ ስለ ኤፒንግ፣ ዝም ብዬ አላልፍም። በ2025 ሆቴል የተቀመጠ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ በ14 ዓመት ልጅና በአንዲት ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ ተፈረደበት፣ በስህተት ተፈታ፣ ተይዞ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። «የእኛ ሰው አይደለም» ለማለት የሞከሩ ነበሩ። ምን ያደርጋል? የተጎዳችው ልጅ ናት፣ ፍርድ ማግኘቷ ተገቢ ነው፣ ይሄን ለማለት ማፈር የለብንም። ያን ሰሞን አንዲት እናት ነጠላዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደምትለብስ ነገረችኝ። ይሄ ደግሞ ተገቢ አይደለም፣ እሷ ምን አጠፋች?

የሚያስቸግረኝ ግን የራሳችን ወሬ ነው። «የአሁን ልጆች አበላሹት፣ እኛ ስንመጣ እንዲህ አልነበረም» የሚለው። ወንድሜ፣ አንተ ስትመጣ በምን ነበር የመጣኸው? ከፈረንሳዩ ወደብ ከካሌ በጭነት መኪና ሆድ የገባ ሰው የጀልባውን ልጅ ሲሰድብ ስሰማ መልስ ያጥረኛል። ሕጉ ደግሞ አይለየንም። ኖቬምበር 2025 የወጣውን ዕቅድ እዩት፦ ለብዙዎች ቋሚ ነዋሪነት ከአምስት ዓመት ወደ አሥር፣ ጥገኝነት ለሚያገኝ ሰው ደግሞ ከለላው በ30 ወር የሚታደስ፣ ለቋሚነቱ 20 ዓመት የሚጠበቅበት። አዲስ የስደተኛ ቤተሰብ ማመልከቻ መቀበል ካቆሙ ወራት አለፉ። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አምስተኛ ዓመቱን የሚቆጥር ሰው አለ፣ ባለፈው ሳምንት ብቻ ስንቱ ደወለልኝ።

በቋሚ ነዋሪነቱ ጉዳይ መንግሥት የሕዝብ አስተያየት ጠይቋል፣ መዝጊያው ፌብሩዋሪ 2026 ነው። ቦርዱ መልስ አዘጋጅቷል፣ ግን አንድ ማኅበር አንድ ደብዳቤ ነው። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ብትጽፉ ሌላ ነው፣ በአማርኛ ንገሩን፣ እኛ በእንግሊዝኛ እንጽፍላችኋለን። ለፓርላማ ተወካያችሁም እንደዚያው። በሜይ 2026 ደግሞ የመላው ለንደን ካውንስሎች ምርጫ አለ። ዜግነት ይዛችሁ ያልተመዘገባችሁ ብዙ ናችሁ፣ ሰበባችሁንም አውቃለሁ፦ «ምን ይለወጣል ብዬ ነው።» በ2016 የጠፋው ድምፅ ግማሹ የተከለከለ ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ቤቱ የተቀመጠ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ሁለት ልጆች ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ምርጫው ቀን ፎቶ ያለው መታወቂያ ያስፈልጋል፣ የአዛውንቶች ነፃ የጉዞ ካርድ፣ ፍሪደም ፓስም ይሠራል፣ እትዬ፣ ፓስፖርት ፍለጋ ሳጥን አይገልብጡ። ምሳው የጾም ነው፣ ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ይቀርባል።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንቺ ነው።