መጋዙ ከጆሮዬ አልወጣም

እንዴት ናችሁ። ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ ግን አንዲት ሶፕዊዝ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራት አውሮፕላን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እማዬም "ዛሬም አውሮፕላን?" ብላ ወጣች።

በፈረንጆቹ 1914 ነው። እንግሊዝ፣ ሃምብል ወንዝ። ሽናይደር ዋንጫ ለሚባለው የባህር አውሮፕላኖች ውድድር የተሠራችውን ትንሽዬ አውሮፕላን ውሃ ላይ አወረዷት። ከሆዷ ሥር ያላት መንሳፈፊያ አንድ ብቻ ነው። አብራሪው ሃዋርድ ፒክስተን ሊሞክራት ሲል ተገለበጠች፣ እሱም ውሃ ገባ። ጊዜ ደግሞ የለም። ምን አደረጉ? መንሳፈፊያውን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቁትና ግራና ቀኝ ገጠሙት።

እኔ እዚህ ጋ ነው የምቀረው። ባባ ሳንቃ ሲሰነጥቅ አጠገቡ ቆሜ ነው ያደግኩት፣ ታውቃላችሁ። መጋዙ መሃል ሲደርስ እንጨቱ ድምፁን ይቀይራል። ባባ እዚያ ጋ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፣ ከተበላሸ ሌላ ሳንቃ የለማ። እነዚያም ሰዎች ትንፋሻቸውን የያዙ ይመስለኛል... እሺ። ከዚያ ሞናኮ፣ ኤፕሪል 20። 10 ኪሎ ሜትር ዙር፣ 28 ጊዜ። መሃል ላይ ከሞተሩ 9 ሲሊንደሮች አንዱ ሥራ አቆመ፣ ፒክስተን ግን ቀጠለ። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ዋንጫውን ወሰደ። ደስ ሲል!

ግን በኦገስት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሆነ። ከአራት ወር በታች እኮ ነው! የእንግሊዝ ባህር ኃይል ከሷው ንድፍ 136 አሠራ። ዜፕሊን የሚባሉትን በጋዝ የሚንሳፈፉ የጀርመን የአየር መርከቦች እንዲያሳድዱ መትረየስ ጠመዱባቸው፣ ስማቸውንም ሽናይደር አሉት። ዋንጫውን ያቋቋመው ዣክ ሽናይደር የባህር አውሮፕላን ሰው እንዲያመላልስ ነበር የሚመኘው። ያናድደኛል። ወይም ያሳዝነኛል፣ እንጃ።

ሰሜን ባህር ላይ ደግሞ ማዕበሉ መንሳፈፊያዎቹን ይሰባብራቸው ነበር። ስለዚህ 1915 ላይ ካምፓኒያ በምትባል መርከብ አንዷን ባለጎማ ጋሪ ላይ አቁመው ከመርከቧ ወለል አስነሷት። ይሄን ሳነብ እንደገና ደስ አለኝ፣ መትረየሱን ረስቼ። ያው የመጋዙ ብልሃት ነው እኮ፣ እጅ ባለው ነገር መላ መምታት። ለምን ደስ እንዳለኝ ነው የጨነቀኝ።

ባባም አንድ ጊዜ የሠራውን በር እሱ የማይፈልገው ቦታ እንደገጠሙት ሲያውቅ... ሁለት ቀን መጋዙን አልነካም። በሦስተኛው ቀን ስነሳ ሳንቃ ሲለካ አገኘሁት። ምንም አላለኝም። እኔም ጫፉን ያዝኩለት፣ እና...