ያ ኖት የት ገባ? ስለ ታግና ኮሌክሽን፣ ከድሬዳዋ

(ስክሪን፦ የቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ፣ ጣት ወደ ላይ እየጎተተው፣ ማለቂያ የለውም)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አደራችሁ። በጠዋት ነው የምቀርጸው፣ ምክንያቱም ድሬ ሶስት ሰዓት ካለፈ ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ አይቻልም፣ ቬንትሌተሩ ከተከፈተ ደግሞ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ሳይሞቅ እንጨርሰው።

ይሄ የምታዩት የኔ ሴቭድ ሜሴጅ ነው። የብዙዎቻችሁም እንደዚሁ እንደሚሆን እገምታለሁ። ፒዲኤፍ አለ፣ የድምፅ ቅጂ አለ፣ የቤት ኪራይ የከፈልኩበት ስክሪንሾት አለ፣ የሰው ስልክ ቁጥር አለ፣ መሀል ላይ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሁፌ ከሽማግሌዎች የሰበሰብኩት ታሪክ አለ፣ ሁሉም እንደመጣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ። ጽሁፌ ስለ ድሬዳዋ የባቡር ሰራተኞች ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማችንም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ከባድ ስለሆነ ከታች ቀረ፣ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። እና ይሄን የሚያስታውሱ፣ ከአባቶቻቸው የሰሙ፣ ራሳቸውም ወርክሾፑ ውስጥ የሰሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ ግን እድሜያቸው ገፍቷል። ለዚህ ነው ኖት መጥፋቱ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ። የጠፋው ኖት ሰውየው ዳግም ላይነግሩኝ የሚችሉት ነገር ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን አድቫይዘሬ አንድ አረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አድርጎ "ይሄን ማን ነው የነገረህ?" አለኝ። ማን እንደነገረኝ አውቃለሁ፣ የተቀመጥንበት በረንዳ ሁሉ ትዝ ይለኛል፣ ኖቱ ግን የለም። ሁለት ቀን ፈለግኩ። መጨረሻ ላይ "አዲስ ኖት 14" በሚል ፋይል ውስጥ አገኘሁት፣ ፋይሉ ደግሞ "የተለያዩ" የሚል ፎልደር ውስጥ ነበር። ከዛ ቀን በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ይሄን ነገር በስርዓት ያየሁት።

እሺ፣ ኮሌክሽን ምንድነው፣ ታግስ?

አንድ የሰፈር ሰው አስቡ። ቤቱ ገንደ ቆሬ ነው። ዕድሩ ግን ድሮ የኖረበት ከዚራ ነው፣ አልለቀቀም። እቁቡ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ከሚነግዱት ጋር ነው። ማህበርም አለው። ሐረር ቢሆን ደግሞ አፎቻ ይኖረዋል፣ እሱም እንደ ዕድር ያለ ማህበር ነው። ይሄን ሰው ቤቱ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ፣ የእቁብ ሰብሳቢውን ብትጠይቁም ስሙ ደብተሩ ላይ አለ፣ የዕድሩ ዳኛ ጋ ብትሄዱም አለ። ሰውየው ግን ያው አንድ ሰው ነው፣ ስሙ ሶስት ደብተር ላይ ስለተጻፈ ሶስት ሰው አልሆነም።

የኮምፒውተር ፎልደር ልክ እንደ ቤቱ ነው። ፋይሉ አንድ ቦታ ነው የሚያድረው፣ ሁለተኛ ቦታ ላይ ላድርገው ካላችሁ ኮፒ ማድረግ አለባችሁ፣ ኮፒ ካደረጋችሁ ደግሞ አንዱን ስታርሙ ሌላው ሳይታረም ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ፕራይቬት ቻናል ከፍታችሁ ፎርዋርድ ስታደርጉም ያው ኮፒ ነው። ታግ ግን የደብተሩ ስም ነው። አንድ ኖት ላይ "ባቡር" ብላችሁ፣ "ቋንቋ" ብላችሁ፣ "ከዚራ" ብላችሁ ትለጥፉበታላችሁ፣ በየትኛውም ብትገቡ እሱው ራሱ ይመጣል።

ኮሌክሽንስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም መጀመሪያ ፎልደር ነበር የመሰለኝ። እኔ የምሰራበት ዞቴሮ የሚባል ለጥናት መጽሐፍና ኖት የሚሰበሰብበት አፕ ነው፣ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሚቀመጥ ኔት ቢጠፋም ይሰራል። እሱ ላይ ኮሌክሽን መልኩ ፎልደር ነው ጠባዩ ግን እንደ ዘፈን ፕሌይሊስት ነው። አንዱን ዘፈን ሶስት ፕሌይሊስት ውስጥ ብትከቱት ዘፈኑ አንድ ነው አይደል? እንደዛ።

(ስክሪን፦ ዞቴሮ፣ አንድ ኖት ከመሀል ተጎትቶ በግራ በኩል "ምዕራፍ 3" ላይ ሲጣል)

እዩት፣ ጎተትኩት፣ ምዕራፍ 3 ላይ ጣልኩት። አሁን ምዕራፍ 2 ውስጥም አለ ምዕራፍ 3 ውስጥም አለ። ምዕራፍ 2 ውስጥ ገብቼ አንድ ቃል ባርም ምዕራፍ 3 ላይም ታርሟል፣ ያው እሱው ነዋ። አንድ ኖት የት የት እንዳለ ከጠፋባችሁ ኖቱን ምረጡና ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልን ተጭናችሁ ያዙ፣ ያለበት ኮሌክሽን ሁሉ ይደምቃል። ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ ኮሌክሽን ውስጥ ሆናችሁ ዲሊት ስትሉ ከዛ ኮሌክሽን ነው የሚወጣው፣ ከላይብረሪያችሁ አይጠፋም። ትራሽ ግባ ካላችሁት ግን ከሁሉም ቦታ ይነሳል።

ታዲያ ኮሌክሽን ብዙ ቦታ መግባት ከቻለ ታግ ምን ያደርጋል? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ነው።

ለኔ ልዩነቱ ስራው ነው። ኮሌክሽን የምከፍተው አሁን እጄ ላይ ላለ ስራ ነው፣ መጀመሪያም መጨረሻም ላለው። "ምዕራፍ 3"፣ "ለአድቫይዘር የሚላክ"፣ እንደዚህ። ስራው ሲያልቅ ኮሌክሽኑን አጠፋዋለሁ፣ ኖቶቹ ምንም አይሆኑም። ታግ ግን ኖቱ ራሱ ምን እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ ይሄ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላም አይቀየርም። ስለ ቋንቋ ያወራ ሽማግሌ ምዕራፉ ቢሰረዝም ያወራው ስለ ቋንቋ ነው።

እስኪ ያንኑ የጠፋብኝን ኖት እንየው። ሰውየው ጡረታ የወጡ የባቡር ሰራተኛ ናቸው፣ ሻይ ቀርቦልን ሁለት ሰዓት ያህል አወሩኝ። በልጅነታቸው ወርክሾፕ ገብተው እንዴት እንደተላመዱ፣ አንዱ ኦሮምኛ አንዱ ሶማልኛ አንዱ አማርኛ ሲያወራ አለቃው ደግሞ በፈረንሳይኛ እንደሚያዝ፣ እነሱም መሳሪያውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ስሙ እንደሚጠሩት። ለገሀር የምንለው እኮ ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው፣ ጋራዥም ሹፌርም ከዛው የመጡ ናቸው። ከዛ ወሬው ወደ ከዚራ ሄደ፣ ስለ ሰራተኞቹ ቤት፣ ስለ ዛፎቹ። ከዛ ወደ ደቻቱ ወንዝ፣ ጎርፍ ሲመጣ ከማዶ ወደ ማዶ መሻገር እንደማይቻል።

አሁን ይሄን የት ፎልደር ነው የምትከቱት? ባቡር? ቋንቋ? ከዚራ? ጎርፍ? "የተለያዩ" ውስጥ የከተትኩት ለዚህ ነበር፣ አራቱም ስለሆነ። ሰው ደግሞ ሲያወራ አንድ ርዕስ ይዞ አያወራም፣ በተለይ የድሬ ሰው።

እና አንድ ነገር አስተውሉ። ሰውየው ስለ ቋንቋ ያን ሁሉ ሲያወሩኝ "ቋንቋ" የሚለውን ቃል አንዴም አልተናገሩም። "በነሱ አፍ" ነው ያሉት፣ "ፈረንሳይኛውን ለቀም አደረግናት" ነው ያሉት። ስለዚህ "ቋንቋ" ብዬ ሰርች ባደርግ አይመጣም። ታግ መለጠፍ ያለበት እዚህ ጋ ነው፣ ጽሁፉ ውስጥ የሌለውን ግን እናንተ በኋላ የምትፈልጉበትን ቃል። ጽሁፉ ውስጥ በግልፅ ያለውን ቃልማ ሰርች ያመጣዋል።

ያመጣዋል አልኩ እንጂ አማርኛ ላይ ሁሌ አያመጣም አቦ። የዚህ ቪዲዮ ዋናው ነገር ለኔ ይሄ ነው፣ በእንግሊዝኛ የሚሰሩት ቪዲዮዎች ላይ አታገኙትም ምክንያቱም የነሱ ችግር አይደለም።

(ስክሪን፦ ሰርች ሳጥን ውስጥ "ባቡር" ሲጻፍ)

"ባቡር" ብዬ ጻፍኩ። "የባቡር" መጣ፣ "ከባቡር" መጣ፣ ጥሩ። "ባቡሩ" የሚለው ግን አልመጣም። "ባቡሮች" አልመጣም። "ባቡራችን" አልመጣም። ለምን? በእንግሊዝኛ ቃሉ ላይ መጨረሻ ላይ ፊደል ነው የሚጨመረው፣ ቃሉ ራሱ ሳይነካ ይቀራል። በኛ ግን የመጨረሻዋ ፊደል ራሷ ትቀየራለች፣ ር ሩ ትሆናለች፣ ሮ ትሆናለች፣ ለኮምፒውተሩ ደግሞ ር እና ሩ ምንም አይዛመዱም፣ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ሰርች ስታደርጉ የመጨረሻዋን ፊደል ቆርጣችሁ "ባቡ" ብላችሁ ጻፉ፣ ሁሉም ይመጣል። ይሄን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ሀረርን ጻፉ። በየትኛው ሀ? ሀረር፣ ሐረር፣ ሓረር። ሰራተኛን በንጉሱ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? ፀሐይን በስንት አይነት ነው የምንጽፈው? ድሬዳዋን አንዳንዱ አንድ ላይ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ለያይቶ ድሬ ዳዋ ይላል፣ ድሬደዋ የሚልም አለ። ከዚራን ገዚራ የሚል ሞልቷል። እኔ ራሴ ጠዋት ሐረር ብዬ ማታ ሀረር ስል ነበር። ታግ ላይ ይሄ ሲሆን ሁለት ደብተር ተከፈተ ማለት ነው፣ ግማሹ ኖት እዚህ ግማሹ እዛ፣ አንዱን ስትከፍቱ ያ ብቻ ያላችሁ ይመስላችኋል፣ ሌላው እንዳለ የሚነግራችሁ የለም።

ስለዚህ ምን አደረግኩ፣ አንድ ኖት ከፈትኩና "የታግ ደብተር" ብዬ ስም ሰጠሁት። የምጠቀማቸው ታጎች በሙሉ እዛ ተጽፈዋል። ለራሴም ህግ አወጣሁ፦ ታግ ላይ ሁሌ ሀ፣ ሁሌ ሰ፣ ሁሌ አ፣ ሁሌ ጸ። ጽሁፉ ላይ በትክክለኛው ፊደል ሐረር ብዬ እጽፋለሁ፣ እሱ መከበር አለበት፣ ታግ ላይ ግን ሀረር። ደግሞ ቃሉ ባዶውን ይሁን፣ "የባቡር" ወይም "ስለ ባቡር" አይባልም፣ "ባቡር" ብቻ። ብዙ ቁጥርም አላደርግም፣ "ሰራተኞች" ሳይሆን "ሰራተኛ"። አዲስ ታግ ሊፈጠር ሲል መጀመሪያ ደብተሩን አያለሁ።

እስካሁን ያበላሻችሁትን ማስተካከል ደግሞ ቀላል ነው። ዞቴሮ ላይ በግራ በኩል ከታች ታጎቹ ተደርድረዋል፣ "ሐረር" ላይ ራይት ክሊክ፣ ሪኔም፣ "ሀረር"። ቀድሞ "ሀረር" የሚል ካለ ሁለቱ ይዋሃዳሉ።

ብዛቱን በተመለከተ እኔ በአንድ ኖት ከሶስት አራት ታግ አላልፍም። "ድሬዳዋ" የሚል ታግ ነበረኝ፣ አጠፋሁት፣ ሁሉም ኖቴ ስለ ድሬዳዋ ስለሆነ ምንም አይለይልኝም ነበር። አንድ ኖት ላይ ብቻ ለብዙ ወር የተቀመጠ ታግም እንደዛው ነው። እና ከዌብሳይት ወይም ከላይብረሪ ካታሎግ መጽሐፍ ስታስገቡ ዞቴሮ የነሱን ታግ አብሮ ጎትቶ ያመጣል፣ ሳታውቁት ዝርዝራችሁ በማታውቁት የእንግሊዝኛ ቃል ይሞላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ ታግ የሚለውን ዝጉት።

የቀለም ታግ ግን በጣም እወደዋለሁ። እስከ ዘጠኝ ታግ ድረስ ቀለም ይሰጣል፣ ከዛ ከ1 እስከ 9 ያለውን ቁጥር ስትጫኑ ይለጠፋል። እኔ 1 ላይ "ያልተጻፈ" አደረግኩ፣ ድምፁ ተቀድቶ ገና ወደ ጽሁፍ ያልተገለበጠ ማለት ነው፣ 2 ላይ "ይጣራ"። ማታ ስቀመጥ ቀዩን ብቻ ነው የማየው።

ሌላ አፕ የምትጠቀሙ ካላችሁ በአጭሩ፦ ጉግል ኪፕ ፎልደር የለውም፣ ሌብል ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 50 ድረስ ነው። ኦብሲዲያን ላይ ኖቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ታጉ ግን በአማርኛም ይሰራል፣ ክፍት ቦታ ብቻ አይወድም፣ ቁጥር ብቻ የሆነ ታግም አይቀበልም፣ ስለዚህ ዓመት ከሆነ ከፊቱ ፊደል አድርጉበት። ከሴቭድ ሜሴጅ አልወጣም የምትሉም አትጨነቁ፣ ፎርዋርድ ባደረጋችሁ ቁጥር ከስሩ ሃሽታግ አድርጋችሁ አንድ ቃል ጻፉ፣ ቃሉን ስትነኩት ያ ያለበት ሁሉ ይወጣል። የፊደሉ ህግ እዛም ያው ነው።

(ስክሪን፦ "ማይ ላይብረሪ"፣ ከታች "ባቡር" ሲነካ፣ ቀጥሎ "ቋንቋ" ሲነካ)

አሁን ያንን ኖት አብረን እንፈልገው። መጀመሪያ ከላይ ማይ ላይብረሪ ላይ ነኝ፣ ምክንያቱም አንድ ኮሌክሽን ውስጥ ከሆናችሁ ታጉ የሚያጣራላችሁ የዛን ኮሌክሽን ብቻ ነው። ባቡር። ብዙ መጣ። ላዩ ላይ ቋንቋ፣ ሁለቱም ያለባቸው ብቻ ይቀራሉ። አራት ኖት። ሁለተኛው፣ አያችሁት፣ በረንዳው ላይ የተቀመጥን ቀን የጻፍኩት ነው፣ ድምፁም አብሮ አለ። አሁን ስሙ "አዲስ ኖት 14" አይደለም። አድቫይዘሬ ጣቱን ያደረገባት አረፍተ ነገር ሶስተኛው መስመር ላይ ናት።