ሰዓቱ የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው?

የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣
የተከበራችሁ አዲስ ተመራጭ የምክር ቤት አባላት፣
ክቡራንና ክቡራት፤

ምክር ቤቱ ለሕዝብ የሚሰጡ አገልግሎቶችን ጥራት እንዴት እንደሚገመግም እንድናገር ይህ መድረክ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። ስለ ሕጉና ስለ አሠራር ደንቡ ጠዋት በሚገባ ስለተብራራላችሁ ያንን አልደግመውም። በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ግምገማ ሲሳካም ሲከሽፍም አይቻለሁና፣ ከከሸፉት አንዱን፣ እኔው ራሴ እጄን አውጥቼ ያጸደቅሁትን፣ በማስቀደም ልጀምር።

አንድ ጊዜ የአንድ ፈቃድ ሰጪ ክፍል የሩብ ዓመት ሪፖርት ለኮሚቴያችን ቀረበ። ሪፖርቱ እንደሚለው ተገልጋዮች ጉዳያቸውን የሚጨርሱት በስታንዳርዱ ከተቀመጠው ጊዜ ባነሰ ነበር፤ ሠንጠረዡም ግራፉም ይህንኑ ያሳያል። እኛም ለክፍሉ ምስጋና ይድረስ ብለን በቃለ ጉባኤ አስፍረን ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኔ ራሴ ጉዳይ ገጥሞኝ፣ ማንነቴን ሳልናገር፣ እዚያው ቢሮ ተሰለፍኩ። ጥበቃው በር ላይ ስሜን በብጣሽ ወረቀት ጻፈ፤ መረጃ ዴስኩ ወደ መዝገብ ቤት ላከኝ፤ መዝገብ ቤት ደግሞ ፋይሉ እስኪገኝ ውጭ ጠብቅ አለኝ። ከፊቴ ልጅ ያዘለች አንዲት እናት ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ተነሥታ ጠይቃ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ተቀምጣ፣ በመጨረሻ ማንንም ሳትሰናበት ወጥታ ሄደች። እኔ መስኮቱ ጋ የደረስኩት ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ሠራተኛዋ ትልቁን መዝገብ ገለጠች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየች፣ ከዚያም «የገባበት ሰዓት» በሚለው ዓምድ ሥር ያችኑ ደቂቃ ጻፈች። ከዚህ በኋላ ጉዳዬ ቶሎ አለቀ። በመዝገቡ ላይ እኔ ፈጣን አገልግሎት ያገኘሁ ሰው ነኝ፤ ያቺ እናት ግን ከነጭራሹ የለችም።

ሠራተኛዋ አልዋሸችም፤ ቅጹ የጠየቃትን ነው የሞላችው። ኃላፊውም የደመረው ከመዝገቡ ያገኘውን ቁጥር ነው። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ውጤቱ ስንት እንደሆነ ስንጠይቅ ሰዓቱ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠርና ከቆጠራው የቀረው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች በሽተኛን ከ4 ሰዓት በላይ እንዳያቆዩ ዒላማ በተጣለባቸው ጊዜ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሽተኛው ወደ ክፍሉ ከገባ ጀምሮ ስለነበር፣ አምቡላንሶች በሽተኛ እንደያዙ ከበር ውጭ እንዲቆሙ የተደረገባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዒላማው ተመታ፤ በሽተኛው ግን እዚያው አምቡላንሱ ውስጥ ነው። ቻርልስ ጉድሃርት የተባሉት ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፉ ያነሡት ሐሳብ፣ ማለትም አንድ አሐዝ ለመቆጣጠሪያነት ሲውል አስተማማኝነቱን ያጣል የሚለው፣ ከባንክ ይልቅ ለእኛ ሥራ የተጻፈ ይመስለኛል።

እንግዲህ ጥራት ስንል ምን ማለታችን ነው? እ.ኤ.አ. በ1988 ፓራሱራማን፣ ዛይትሃምልና ቤሪ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የአገልግሎት ጥራትን በአምስት ወገን የሚመዝን መለኪያ አቅርበዋል፤ እነዚህም የሚታየው የቢሮና የመሣሪያ ሁኔታ፣ ቃልን መጠበቅ፣ ፈጥኖ ምላሽ መስጠት፣ በእውቀትና በትሕትና እምነት ማሳደር፣ እንዲሁም የተገልጋዩን ችግር እንደራስ ማየት ናቸው። በጥናታቸው ተገልጋዮች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ቃል መጠበቅን ሆኖ አግኝተውታል። እኛ ግን ለመስክ ምልከታ ስንወጣ መጀመሪያ የምናየው የሚታየውን ነው፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ የተደረደረ ወንበር፣ በትልቁ የተለጠፈ የዜጎች ቻርተር። ቻርተሩን ቆመን እናነባለን እንጂ፣ በእርሱ ላይ የተጻፈው ቃል ትናንት ስለመፈጸሙ ወረፋ ላይ ያለውን ሰው አንጠይቅም። ጉብኝታችን አስቀድሞ በደብዳቤ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ የምናየው የእንግዳ ቀን ቢሮ ነው።

የእርካታ ዳሰሳን በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ፤ ታገሡኝ። ተገልጋይን ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ፣ ያገለገለው ሠራተኛ በሚያየው ቦታ፣ «በአገልግሎታችን ረክተዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሉኝታን መለካት ነው። ነገ ወደዚያው መስኮት የሚመለስ ሰው ምን እንዲል እንጠብቃለን? በዚያ ላይ የምንጠይቀው የጨረሰውን ብቻ ነው፤ ተስፋ ቆርጦ የሄደው መጠይቁ አይደርሰውም። የሚሻለው ሰውየውን በቤቱ አግኝቶ፣ ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ ሆነው ነገር መጠየቅ ነው። ለዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ከተለጠፈው ዝርዝር ውጭ ምን ማስረጃ አምጡ ተባሉ? ከደረሰኝ ውጭ ገንዘብ ተጠይቀዋል? ጀምረው የተዉት ጉዳይ አለ?

የዚህ ዓይነት ዳሰሳ በሕንዷ የባንጋሎር ከተማ ተሞክሯል። ሳሙኤል ፖልና ባልደረቦቻቸው ነዋሪዎችን ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ስልክና ስለ ሌሎችም አገልግሎቶች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1994 እንደ ተማሪ ካርድ ለየመሥሪያ ቤቱ ውጤት አወጡ፤ ውጤቱም በጋዜጣ ታተመ። አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች ያገኙት ውጤት ዝቅተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲደገም የታየው ለውጥ ጥቂት ነበር፤ ጉልህ መሻሻል የታየው በሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2003ቱ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ቢኖር መደጋገሙን ነው። አጥኚዎቹ በመጀመሪያው ዙር ተስፋ ቆርጠው መጠይቁን ቢጥሉት ኖሮ መሻሻሉን የሚያሳይ መረጃም አይኖርም ነበር። እኛ በየዓመቱ አዲስ መጠይቅ እያዘጋጀን፣ ያምናውን ከዘንድሮው ማወዳደር አቅቶን የተቀመጥንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቅሬታን በሚመለከት አንዲት ማስጠንቀቂያ ብቻ ልስጥ። «በሩብ ዓመቱ የቀረበ ቅሬታ የለም» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ አታጨብጭቡ። የቅሬታ ሳጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለና ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። አቤቱታ የሚበዛበት ቢሮ አንዳንዴ ሰው ገና ተስፋ ያልቆረጠበት ቢሮ ነው።

ሁሉን አገልግሎት በአንድ ጊዜ ለመገምገም መመኘትም ወጥመድ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአካባቢ መስተዳድር ሕግ ምክር ቤቶች ሥራዎቻቸውን ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ገምግመው እንዲጨርሱ ያስገድድ ነበር። ለግምገማው የተሰጡት ጥያቄዎች መልካም ነበሩ፤ ይህ አገልግሎት ለምን ይሰጣል፣ ሌሎች እንዴት ይሰጡታል፣ ነዋሪው ምን ይላል፣ ከዚህ በተሻለ መንገድ ሊቀርብ ይችላል ወይ የሚሉ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ምክር ቤቶች ሥራቸውን በትናንሹ ሸንሽነው በግምገማ ብዛት ተጨናነቁ፤ የአምስት ዓመቱ ግዴታም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ስለዚህ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት አገልግሎት ምረጡ፤ ስትመርጡም በጀት የበዛበትን ሳይሆን ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው የሚጠቀምበትን አስቀድሙ።

ከግኝቱ በኋላ ያለው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ኮሚቴ ፊት ኃላፊ ሲቀርብ ጉባኤው ወደ ችሎት የመለወጥ ዝንባሌ አለው፤ ያን ጊዜ ኃላፊው መስኮት ላይ ያለችውን ሠራተኛ ይከስሳል፣ እርስዋም ትቀጣለች፣ ሥራው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። እኔ በተሰለፍኩበት ቢሮ ቆይተን ስናጣራ፣ ፋይል የሚያወጣው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ያው ሰው ደብዳቤም ያደርሳል። እርሱ ደብዳቤ ይዞ ሲወጣ ወረፋው ሁሉ ይቆማል። ይህንን ለማወቅ አንድ ጠዋት መዝገብ ቤቱ በር ላይ መቀመጥ በቂ ነበር፤ እኛ ግን ዓመት ሙሉ ሪፖርት አንብበናል።

ምክረ ሐሳብ ስትጽፉ «ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራበት» የሚለውን ሐረግ እባካችሁ ተዉት። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ብላችሁ ጻፉ። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ከንቲባ የነበሩት ማርቲን ኦማሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲቲስታት የሚባለውን አሠራር ሲጀምሩ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች በየሁለት ሳምንቱ ቀርበው ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ጉዳይ የት እንደደረሰ ይጠየቁ ነበር። የተራቀቀ ቴክኖሎጂ አልነበረም፤ ኃይሉ ያው ጥያቄ እንደገና እንደሚመጣ መታወቁ ነበር። የእኛ ኮሚቴ በየሁለት ሳምንቱ ሊሰበሰብ አይችልም፤ የእያንዳንዱን ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ያለፈው ግኝት አፈጻጸም ማድረግ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይችላል። ውጤቱም በምክር ቤቱ መደርደሪያ ከመቅረት ይልቅ፣ ተገልጋዩ በተሰለፈበት በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከቻርተሩ ጎን፣ እርሱ በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፍ።

የነገው የመስክ ፕሮግራም በያዛችሁት ወረቀት ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በኃላፊው ቢሮ በሚደረግ ገለጻ ይጀምራል ይላል። ከአፈ ጉባኤው ጋር ተነጋግረን ለውጠነዋል። የምንገናኘው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሮው ከመከፈቱ በፊት፣ ከውጭው በር ሰዎች በሚሰለፉበት ቦታ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ተገልጋይ አስፈቅዳችሁ፣ ጉዳዩን እስኪጨርስ ወይም ተስፋ ቆርጦ እስኪወጣ ድረስ አብራችሁት ትሄዳላችሁ፤ የሰዓቱንም መጀመሪያ እዚያው በር ላይ ትጽፋላችሁ። የኃላፊው ገለጻ ከሰዓት በኋላ ይሆናል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።