ትንሿ ቱቦ፦ የሙቅ አየር ሞተር ክፍሎችን በእጅ መሥራት

[ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሞተር በሁለት ሻማ ይዞራል]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ይሄ የምታዩት ሞተር ቤንዚን አይጠጣም፣ ፍንዳታም የለውም። ከሥሩ ሁለት ሻማ፣ ከላዩ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በቃ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሮበርት ስተርሊንግ የሚባል የስኮትላንድ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1816 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ጣሳው ውስጥ የታሸገ አየር አለ። አየሩን ታች ወደ እሳቱ፣ ላይ ወደ ውኃው የሚያመላልሰውን ክፍል "ገፊ" እንበለው። አየሩ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ክዳኑ ጎን ላይ የተወጠረው ፊኛም አብሮት ይነፋል፣ ይገባል፤ ጎማውን የሚያዞረው እሱ ነው።

ዛሬ የማወራው ስለ ትንንሾቹ ክፍሎች ብቻ ነው። ምክንያት አለኝ። እዚህ ቡራዩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር እንበልጣለን። አየራችን ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት ሩብ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚሁ አየር ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ያለ ችግር የሚዞር ሞተር እዚህ በትንሽ ሰበቃ ቀጥ ይላል። የእኔ የመጀመሪያው ሞተር አንድ ዙር እንኳ አልሞላም ነበር።

[ዘንጉና ቱቦው በቅርበት]

ዋናው ይቺ ቱቦ ናት። ከገፊው የሚወጣው ዘንግ በእሷ ውስጥ ክዳኑን አልፎ ይወጣል። እዚህ ጋ ሁለት ነገር አንድ ላይ እንፈልጋለን፦ ዘንጉ ምንም ሳይዘው ይንሸራተት፣ አየሩ ግን አይሹለክ።

ለዘንግ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ያዙ፤ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን። መስታወት ላይ አንከባሉት። ከሥሩ ብርሃን ብልጭ ድርግም ካለ ጎብጧል፣ ተዉት። ለቱቦው የድሮ ሬዲዮ አንቴና የሚያህል የለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ዘንጉን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው እየከተታችሁ ሞክሩት። 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በፒንሳ እንዳትቆርጡት፣ አፉ ይጨፈለቃል። በሞረድ ዙሪያውን እየጫራችሁ ቁረጡት፤ የቀረውን ሹል በምስማር ጫፍ ጥረጉ። ቶርኖ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

አሁን ትዕግሥት ነው። ዘንጉ ላይ የጥርስ ሳሙና ቀቡና ቱቦው ውስጥ እያሽከረከራችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ሩብ ሰዓት ያህል። ሳሙናው ይጠቁራል፤ ያ ብረቱ እየተላጨ ነው ማለት ነው። እጠቡት፣ አድርቁት፣ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት አስነኩት። ዘይት አትቀቡ፣ ይጎትታል።

[እጅ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ይዟል]

እዩ። ዘንጉን ስለቀው በራሱ ክብደት ሽው ብሎ ወረደ። አሁን የታችኛውን አፍ በጣቴ ደፈንኩት። ድጋሚ ልቀቀው... ዘገየ፣ አይደል? አየሩ ተሸክሞት ነው። እንዲህ ካልሆነላችሁ ሌላ ቱቦ ፈልጉ። በማጣበቂያ ለማዳን አትድከሙ።

ክዳኑ ላይ በስታኞ ነው የሚያዘው። መጀመሪያ የአንቴናውን የሚያብለጨልጭ ልባጥ በብርጭቆ ወረቀት አስለቅቁ፤ ያለዚያ ስታኞው አይዝም። ቱቦው ቀጥ ብሎ ይቁም። ትንሽ ካዘነበለ ገፊው የጣሳውን ግድግዳ ይፈገፍጋል።

ገፊው ራሱ ቀላል ነው። የዕቃ ማጠቢያ የብረት ሽቦ ጠቅልላችሁ ዘንጉ ላይ እሰሩ፤ ከግድግዳው በየአቅጣጫው 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ሽቦው መንገድ ላይ ሙቀት እየያዘ መልሶ ለአየሩ ይሰጣል። ስተርሊንግም ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍል ነበረው።

ክራንኩን፣ ማለትም ጎማውን የሚይዘውን የታጠፈ ዘንግ፣ ከዚያው የብስክሌት ሽቦ በፒንሳ እጠፉት። የገፊው እጥፋት 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ገፊው 2 ሴንቲ ሜትር ይመላለሳል። የፊኛው እጥፋት ያንስ፤ ከገፊው ጋር ያለው ልዩነት ሩብ ዙር፣ ማለትም 90 ዲግሪ ይሁን። ለጎማ ሦስት ሲዲ አጣብቁ። ኩሽኔታ ካገኛችሁ ግሪሱን በናፍታ አጥባችሁ አውጡ፤ ሻማው ግን ገና አይለኮስ።

[ሻማዎቹ ይለኮሳሉ]

ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ክዳኑ ላይ ውኃ ጨምሩ። ጎማውን በጣት ገፋ አድርጉት። ከቆመ በሌላው አቅጣጫ ሞክሩ፤ በየት በኩል እንደሚዞር የምትወስነው ያቺ ሩብ ዙር ናት። አሁንም እንቢ ካለ የስታኞው ዙሪያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ሻማውን አጥፉና ስታኞውን ድገሙት።

[ጎማው ይዞራል፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል]