በኦፕራሲዮን ከወለድኩ መሪ የምይዘው መቼ ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ አራስ ቤት ስናወራ አንዲት አድማጭ «በኦፕራሲዮን ወልጄ መኪና መንዳት መቼ ልጀምር?» ብላ ጠይቃ ሰዓት አልቆብን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በዚሁ ጥያቄ ተጨናንቋል። የማህፀንና ጽንስ ሐኪሟ እንግዳችን ዛሬ ተመልሰው መጥተው የሰጧቸው መልሶች እነሆ።

አድማጭ ከሰሚት፦ ዶክተር፣ ዛሬ 19ኛ ቀኔ ነው። ቁስሌ ደርቋል፣ ክሩም ወጥቶልኛል። መኪናዬ ማኑዋል ኮሮላ ናት። ትልቁን ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስ ብጀምር ምን ይለኛል?

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የደረቀው ግን ቆዳሽ ነው። ከቆዳው ሥር ስብ አለ፣ ከስቡ ሥር ሆድን አጥብቆ የሚይዘው ጠንካራ ሽፋን አለ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ማህፀኑ ድረስ እንዘልቃለን። ጡንቻውን አብዛኛውን ጊዜ አንቆርጠውም፤ መሃል ለመሃል ለይተን ወደ ጎን እንገፋዋለን። ሌላው ግን ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ቆዳ ቶሎ ይገጥማል፤ ውስጡ ደህና እስኪጠና ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። መስታወት ፊት ቆመሽ የምታዪው ጠባሳ ስለ ውስጡ ብዙም አይነግርሽም።

አሁን መኪናሽን አስቢ። ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግራ እግርሽን ከወለሉ ማንሳት አለብሽ። ጭንሽን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ሲሠራ ሆድሽም አብሮ ይወጠራል። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከሰሚት መገናኛ እስክትደርሺ ማርሽ ስንቴ እንደምትቀይሪ ግን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስፌቱ ይፈታል ወይ?» ብሎ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ውስጥ ዘው ቢል፣ ሳታስቢ ፍሬኑን ይዘሽ ቀጥ ማለት አለብሽ። ሆዱ እንደሚያመው የሚያውቅ ሰው ግን እግሩ ያመነታል። ግማሽ ሴኮንድ ብቻ! በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በዚያች ግማሽ ሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ትጓዛለች። ከስፌቱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

ስለዚህ ቀን መቁጠሩን ትተሽ ራስሽን ፈትኚ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ቀበቶሽን አስረሽ ተቀመጪ። ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን ባንድ ጊዜ፣ ሰው እንደገባብሽ አድርገሽ እርገጪ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ጠንከር ይላል፤ ይበልጥ ይፈትንሻልና ጥሩ ነው። ከዚያ ወደኋላ ለማሽከርከር እንደምትዞሪው ወገብሽን ጠምዝዘሽ የኋላውን መስታወት እዪ። መሪውንም እስከ መጨረሻው አዙሪው። ትንፋሽሽን ከያዝሽ፣ ፊትሽን ካጨማደድሽ ወይ እጅሽ ሳታውቂው ወደ ሆድሽ ከሄደ ገና ነሽ። ከሳምንት በኋላ ድገሚው። በ19ኛ ቀን ይኼን በማኑዋል መኪና የምታልፍ ሴት ጥቂት ናት። ብዙዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው የሚያልፉት። ትልቁን ልጅ ለጊዜው ሌላ ሰው ያድርሰው።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ እኔን እዚህ ሐኪሜ «ሁለት ሳምንት ይበቃል» አለችኝ። ለንደን ያለችው እህቴ ግን እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቂ ተብላለች። ማንን ልመን?

ሁለቱንም እመኛቸው። እንግሊዝም ሆነ አሜሪካ «ከዚህ ቀን በፊት አትንጂ» የሚል ሕግ የለም፣ ያለው ምክር ነው። የእንግሊዞቹ ጠንቀቅ ያለ ነው፤ እንደ መንዳት ያለውን ነገር እስከ ስድስት ሳምንት ማቆየት ሊያስፈልግ ይችላል ይላሉ። እዚያ ኢንሹራንስም አለበት፤ አንዳንዱ ውል የሐኪም ፈቃድ ስለሚጠይቅ እህትሽ ደውላ ትጠይቃቸው። አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሁለት ነገር ነው፦ የሚያደነዝዘውን ማስታገሻ አቁመሻል ወይ? ያለ ሕመም ፍሬን መያዝ ትችያለሽ ወይ? አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ የአንቺ መኪና ኦቶማቲክ ሳይሆን አይቀርም። ግራ እግርሽ ሥራ ፈት ነው። ይኼ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ወንድ አድማጭ ከሐዋሳ፦ ባለቤቴ ትራማዶል ታዞላት እየወሰደች ነው። ሕመም የለኝምና ልንዳ ትለኛለች።

አይሆንም ወንድሜ። ሕመሙ የጠፋው እኮ በትራማዶሉ ነው! መድኃኒቱ ያንቀላፋል፣ ያዞራል፣ ሐሳብንም ያዘገያል። የመጨረሻዋን ክኒን ከዋጠች ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፍ፣ ፈተናውንም ሳትሞክር መሪ አትያዝ። ሌላም ነገር አለ፤ የምታጠባ ከሆነ መድኃኒቱ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአጥቢ እናቶች እንዳይሰጥ ይመክራል። ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ መጥባት ካቃተው ወይም አተነፋፈሱ ከከበደው ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ። ለብዙ ሴቶች ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይበቃሉ፣ እንቅልፍም አያመጡም። ያዘዘላትን ሐኪም ትጠይቅ።

አድማጭ ከአዳማ፦ በወገቤ የተወጋሁት መርፌ እግሬን ቢያደነዝዘውስ?

መርፌው በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። እስካሁን የደነዘዘ እግር ካለሽ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ታዪ። ቀና ስትይ የሚነሳ፣ ስትተኚ የሚተውሽ ራስ ምታት ካለ ግን ከመርፌው ሊሆን ይችላልና እሱ ሳይሻልሽ አትንጂ።

እናት ከደሴ፦ ልጄ ቀበቶው ቁስሌን ይጫነኛል እያለች አታስርም። ለክርስትናው በአርባኛው ቀን ልንሄድ ነው፤ ሕፃኑን እኔ አቅፌው ከኋላ እቀመጣለሁ። ጥሩ ነው አይደል?

እማማ፣ እንኳን ለልጅ ልጅ አበቃዎት። ቀበቶው ላይ እውነቷን ነው፣ ሲያስሩት ያስጠላል። እኔም ሁለተኛዬን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ከሆስፒታል ወደ ቤት ስንሄድ ኮብልስቶኑ ላይ ባለቤቴ በእግር የሚሄድ ሰው እስኪቀድመን ድረስ ቀስ ብሎ እየነዳ፣ እኔ አንድ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ በአንድ እጄ የበሩን እጀታ ጨምድጄ ነበር። ግን አስሬ ነው። የታችኛው ማሰሪያ ሆዷ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንቷ ላይ ይረፍ፣ የላይኛው በደረቷ መሃል ይለፍ። ከቆረቆራት ስስ ነጠላ አጥፋ ታድርግበት። ወፍራም ትራስ ግን አይሁን፤ ቀበቶው እንዲላላ ስለሚያደርግ ግጭት ሲመጣ አይይዛትም።

ሕፃኑን በተመለከተ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። መኪና ሲጋጭ የማንም ክንድ ሕፃን ይዞ ማስቀረት አይችልም፣ የእናትም ቢሆን። ፊቱ ወደ ኋላ የሚዞር የሕፃን መቀመጫ ያስፈልገዋል፣ እሱም ከኋላ ወንበር ላይ ይታሰር። ኤርባግ ባለው የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይደረግም። መቀመጫው ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ዘመድ «ለአራስ ጥየቃ ምን ላምጣ?» ሲል ከገንፎ እህሉ ይልቅ እሱን ንገሩት። ያገለገለ የሚሰጣችሁ ካለም ግጭት አይቶ እንደማያውቅ ጠይቁ። መቀመጫውን ከነልጁ ማንሳቱ ለልጅዎ ከመንዳቱ ይብስባታልና እሱን ሌላ ሰው ያንሳላት።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ የሜትር ታክሲ ነው የምሠራው፤ የመኪናው የባንክ ዕዳ አለብኝ። ስድስት ሳምንት ሞልቶኛል። ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ደም ተሰጥቶኛል። ሥራ ልጀምር?

ተቀጣሪ ብትሆኚ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ነበረሽ። ለራሷ የምትሠራ ሴት ግን ዕዳው አይጠብቃትምና «ሦስት ወር ተኚ» ብዬ አላሾፍብሽም።

መጀመሪያ የደም መጠንሽን ተለኪ። ስትነሺ ጭልም የሚልብሽ፣ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታ ከሆነ ፈተናውን ብታልፊም መሪ ላይ አትቀመጪ። የታዘዘልሽን የብረት ክኒን አታቋርጪ። ስትጀምሪ በቀን ለሁለት ሦስት ሰዓት፣ ሕፃኑ ደህና አስተኝቶሽ ባደረበት ጠዋት ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ስታጠቢ ካደርሽ ግን ያን ቀን ተይው፤ ያልተኛ ሰው መንዳት እንደ ጠጣ ሰው መንዳት ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም እግር ውስጥ የመርጋት ዕድሉ ከፍ ስለሚል በየሰዓቱ ወርደሽ ተንቀሳቀሺ። የደንበኛ ሻንጣ አታንሺ፤ «አራስ ነኝ» በያቸው፣ የኛ ሰው ይህን ሰምቶ አይከራከርሽም።

አንድ እግርሽ ባቱ ላይ ካበጠ ወይ ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣብሽ፣ ቁስልሽ መግል ከያዘ ወይ ካተኮሰሽ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። «መኪናው እጄ ላይ ነው» ብለሽ ራስሽ ነድተሽ እንዳትመጪ። ዳር ይዘሽ አቁሚና ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጪ።