የመጀመሪያዋ ሳቅ

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እየቀዳ ነው።

ማይኩ የለበሰው ካልሲ ታጥቧል። "ካልሲው ይታጠባል ወይ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁት ሁሉ፣ በኦሞ ታጥቧል፣ ፋይሉ ተዘግቷል።

ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ጓደኛዬ፣ ያ ሂሳብ ሹም የምንለው፣ የለም። ቢኖር ኖሮ ይህን አላወራውም፤ ያን ቀን አጠገቤ ነው የተቀመጠው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሂሳብ ሹም ዝም ካለ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ መዝግቦ ይዞታል ማለት ነው። አንድ ቀን ቁርጥ በልተን ሂሳብ ስንካፈል ያወጣዋል።

ቴአትር ነው። የት እንደሆነ አልናገርም፣ የሰውየውንም ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራው ገና ከአሁኑ ፈገግ ትላላችሁ። እሱም አይደል እንዴ የኔ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሰውየው ኮሜዲያን ነው። በካሴት ሰምተነዋል፣ በበዓል ፕሮግራም አይተነዋል። አንድ ነገር አለችው፣ የቀኝ ትከሻውን ብቻ ከፍ ያደርግና አንገቱን እዚያው ቅብር። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። እኛ ሰፈር ያቺን ትከሻ ያልሞከረ ልጅ አልነበረም። እኔ በትከሻዋ ምክንያት ስድስተኛ ክፍል ተንበርክኬያለሁ። የዚያን ቀኑ ቴአትር ግን የለቅሶ ነው፤ ልጁ የሞተበት አባት ሆኖ ነው የሚሠራው። ፖስተሩ ላይ ራሱ ፊቱ ተኮሳትሯል። እኔና ሂሳብ ሹም በር ላይ ቆመን ፖስተሩን እያየን "ምን ሊሠራ ነው?" ተባብለን ነው የገባነው። ልብ በሉ፣ ገና በር ላይ።

እና ሁለተኛው ክፍል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢ ደርቧል። የልጁን ጫማ ያወጣል፣ ሸራ ጫማ ነው። ክሩ እንደታሰረ ነው። ልጁ ሳይፈታው አውልቆት የሄደ፣ አታውቁም እንዴ፣ ልጆች ተረከዛቸውን በሌላው እግር ረግጠው ያወልቁ የለ? እንደዚያ። አባትየው ያንን ክር ሊፈታ ይሞክራል። አልፈታ ይለዋል። በጥፍሩ ይሞክራል፣ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ ያየዋል፣ በጥርሱ ሊይዘው ጎንበስ ይልና ይተወዋል። አንድ ደቂቃ ያህል ነው ይህ ሁሉ፣ ያለ አንዳች ቃል። አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ከዚያ ቀና ይልና "እሱ እኮ..." ይላል።

ሳቅኩ።

አፌን ከፍቼ ነው እንዳልል፣ በአፍንጫዬ ናት። "ህንፍ" ያለች። ግን ያ አዳራሽ ጭጭ ብሎ ነበር አልኳችሁ። ከኋላ ሁለት ሴቶች ተቀበሉኝ፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ያሉት፣ ከዚያ በቃ፣ ውኃ እንደጣሰው ግድብ። ሰዉ ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው፤ አንድ ፈቃድ ሰጪ ብቻ ነበር የጎደለው።

ሰውየው ቆመ። ተቀምጦ ነው ግን ቆመ፣ ገባችሁ? ጫማውን አየ። እኔ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነኝ፣ ጣቶቹ ይታዩኛል፣ ክሩን እንደያዙ ናቸው። ከዚያ... ትከሻዋ ወጣች። የቀኟ። አንገቱ ቅብር። አዳራሹ ፈነዳ። ጭብጨባ! አንድ ሰውዬ ከኋላ "ኧረ ገደልከን!" ሲል ሰምቻለሁ። ልጅ ሞቶበት እኮ ነው።

ሂሳብ ሹም አልሳቀም። ዞር ብሎ አየኝና ወደ መድረኩ ተመለሰ። ይኸው ነው።

አሁን፣ ራሴን ልከላከል። ክር አልፈታ የሚለው ሰው በደህናው ቀን ቀልድ ነው፣ አይደለም እንዴ? በጥርስ ሊፈታ መሞከር! ያንኑ ክር ወጋየሁ ንጋቱ ቢይዘው አለቅሳለሁ። ወጋየሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርክልን ፊት የለማ። ድምፅ ብቻ። አንዱ ሰው ፊታውራሪውንም፣ በዛብህንም፣ ሰብለንም፣ ጉዱ ካሳንም ይሆናል፣ ማንም "ቅድም እኮ ሌላ ሰው ነበርክ" አይለውም። ምናልባት ጥፋቱ የፊት ነው። እ... እሱም አይደለም መሰለኝ። ጉዱ ካሳ ራሱ፣ ካሳ ዳምጤ የሚባል የተከበረ ስም ያለው ሰው፣ አንዴ "ጉዱ" ካሉት በኋላ የተናገረው እውነት ሁሉ እንደ እብደት ነው የተቆጠረው። ምንም ቢል።

እማዬ ትዝ አለችኝ። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ሚስተር ቢንን ግን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። እሱ መቼ ተናገረና! ያን ሁሉ ዘመን እየደጋገምን ያየነው ዋናው ተከታታይ ስንት ክፍል ይመስላችኋል? 15። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995፣ 15 ክፍል ብቻ። እኔ መቶ ምናምን ነበር የሚመስለኝ። ታዲያ ሮዋን አትኪንሰን በ2016 ተነስቶ መርማሪ ፖሊስ ሆነ። ሜግሬ ይባላል፣ የ1950ዎቹ ፓሪስ፣ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ፒፓ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ፊልም ሠራ። እኔ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፤ የመጀመሪያውን ለእማዬ ከፈትኩላት። ሴቶች እየተገደሉ ነው፣ ሰውየው ገዳዩን ይፈልጋል፣ ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አትንቀሳቀስም። እማዬ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አየችና፣

"ምነው፣ አሞታል እንዴ?"

"ኧረ እማዬ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚተውነው።"

"እሱንማ አወቅኩ። ምን ሆኖ ነው ግን?"

(ሳቅ) እውነቷን ነው አዝና የነበረው! እኔስ ብትሉ፣ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ በከተተ ቁጥር እጁ እዚያው እስኪቀረቀር ነው የምጠብቀው። ፒፓውን ሲለኩስ ኮፍያው ይቃጠላል ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ምንም አልተቃጠለም። ጥሩ ነው የሠራው፣ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ፊልሙን አላየሁትም፤ ያልተቃጠለውን ኮፍያ ነው ያየሁት።

የብራያን ክራንስተንን ነገር ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግን ፓንቱን አስተውላችኋል? "ማልኮልም ኢን ዘ ሚድል" ላይ በነጭ ፓንት የሚንቦጫረቅ አባት ነበር፣ እስከ 2006። በ2008 "ብሬኪንግ ባድ" ሲጀምር፣ ገና የመጀመሪያው ክፍል፣ በረሃ መሐል በነጭ ፓንት ቆሟል። ያው ፓንት! እዚያ ታስቃለች፣ እዚህ ታስፈራለች። የጣቢያው ሰዎች መጀመሪያ አልፈለጉትም ነበር፤ የሚያውቁት ያንን አባት ነዋ። የ"ብሬኪንግ ባድ" ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ታዲያ በ1998 ለ"ኤክስ ፋይልስ" አብረው የሠሩትን አንድ ክፍል አምጥቶ አሳያቸው፣ እዚያ ላይ ሰውየው ክፉም ነው፣ ያሳዝናልም። ካዩ በኋላ ነው እሺ ያሉት። ማለትም አንድ ሰው ያን ካሴት ይዞ በየቢሮው መዞር ነበረበት። ለኛ ሰውዬ ማን ነው የዞረለት? ካሴቱስ አለ? ያለው ካሴት ሁሉ ትከሻ ነው።

ደግሞ ተገላቢጦሹም አለ። ሌስሊ ኒልሰን ዕድሜውን በሙሉ ቁምነገረኛ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፣ በ1972 "ፖሲዶን አድቬንቸር" ፊልም ላይ የምትሰምጠዋ መርከብ ካፒቴን እሱ ነበር። በ1980 "ኤርፕሌን" ላይ ዶክተር ሆኖ ያንኑ የቁምነገር ፊቱን ይዞ ቀልድ ተናገረ፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ በቁምነገር ማን ያየዋል? ፊቱን አልቀየረም እኮ! እኛ ነን የቀየርነው። ወይም... እኔ እንጃ። "እኛ" ስል ቀለል ይለኛል ልበል? አዳራሹ ውስጥ የመጀመሪያዋ የኔ ነበረች።

ሂሳብ ሹም ቢኖር አሁን አለቃ ገብረ ሃናን ይጠራ ነበር፣ እሱ ሳይጠራቸው ክርክር ጨርሶ አያውቅም። ግን እውነት አስቡት። አለቃ ሊቅ ናቸው፣ የአቋቋም መምህር። ያ የተክሌ ዝማሜ የሚባለው፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው፣ የሳቸው ነው ይባላል፤ ጣና ዳር ደንገሉ በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይተው ነው ይላሉ። እኔ ይህን ያወቅኩት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የአህያዋን ቀልድ ግን ገና አፌን ሳልፈታ ነው የማውቃት። እናንተም እንደዚያው፤ አትዋሹ።

...

የአክስቴ ለቅሶ ላይ... (ዝምታ) ድንኳን ውስጥ ስለሷ ትንሽ ነገር ልናገር ተነስቼ ነበር። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ አንዷ የአጎቴ ልጅ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ዓይኗ ግን ይታያል። ስለ አክስቴ ላወራ ያሰብኩት ሌላ ነበር፣ ያወራሁት ግን ዶሮዋን ያሳደደችበትን ነው። ሰዉ ሳቀ፣ "ተባረክ፣ አጽናናኸን" አሉኝ። እሱን ተዉት። ስለሱ አይደለም የማወራው።

ወደ ትከሻዋ ልመለስ። ያልገባኝ፣ ለምን አወጣት? ተሸንፎ ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ አይ፣ ሰውየው ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ የኖረ ነው፣ አዳራሹ ከእጁ ሲወጣ በምን እንደሚመልሰው ያውቃል፣ ሥራውን ነው የሠራው እላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ እንዲህም አስባለሁ፤ ያ አባት፣ ገጸ ባሕርይው ማለቴ ነው፣ ጎረቤት ሲስቅበት ምን ያደርጋል? እሱም ትከሻውን ከፍ ያደርግ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከቴአትሩ ሁሉ ትልቁ ትወና እሷ ነበረች፣ እኛም አጨብጭበንላታል፣ በተሳሳተ ምክንያት። ይህን ሳስብ ትንሽ ቀለል ይለኛል፤ ቀለል ስላለኝ ደግሞ አላምነውም።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመለስኩ። አዎ፣ አልነገርኳችሁም፣ ሂሳብ ሹምም አያውቅም፣ አሁን አወቀ። ሦስተኛ ረድፍ አልተቀመጥኩም፣ ግድግዳውን ተጠግቼ ነው። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ "እሱ እኮ..." ካለ በኋላ ምን እንደሚል መስማት። እኔ ነኛ የቆረጥኩት።

በርጩማው መጣ። ጋቢው። ጫማው። ክሩን ያዘ... እና ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞክር ትከሻዋን አወጣት። ማንም ሳይስቅ። ራሱ። አዳራሹ ፈነዳ፣ እሱም ጠበቀ፣ ሳቁ እስኪያልፍ በደንብ ጠበቀ፣ ጫማውንም አስቀመጠው። "እሱ እኮ" የሚለው የለም። ወጥቷል። አዘጋጁ ነው ያወጣው፣ ራሱ ነው፣ ወይስ...

ከዚያ ወዲህ ሻወር ውስጥም፣ ታክሲ ውስጥም እሞክራለሁ። "እሱ እኮ ክሩን አይፈታም ነበር።" አይደለም፣ ይህ የኔ ነው፣ በጣም የተጻፈ ይመስላል። "እሱ እኮ... ደርሶ ይመጣል።" እ-እ። "እሱ እኮ..."

ቆይ፣ ይህ ነገር እየቀዳ ነው አይደል?